የተሰፋው አረንጓዴ ቀበቶ

የእቃ ቤቱን ቁልፍ በተረከብኩ ሰሞን ፎርማኑ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ መጠራጠርን ነው። አንድ የማንሻ ቀበቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣ "እስቲ በዓይንሽ እዪው፤ ምን አለው?" አሉኝ። አየሁት። ምንም የለውም አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደግሜ እንድናገር አደረጉኝ። "በይ አሁን ደግሞ በእጅሽ እዪው" አሉ። መዳፌን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አስኬድኩት። መሀል ላይ፣ ጠርዙ ጋ፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል ስንጥቅ ጣቴን ያዝ አደረገችኝ።

"ይቺ ናት ሰው የምትገድለው" አሉ። "ደህና ነው ብለሽ ብትሰጪኝ እኔም አምኜሽ እወስደው ነበር።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ደህና ነው ያለኝን ቀበቶ አምኜ አላውቅም።

የምሠራበት ግቢ ሶዶ ከተማ ዳር፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ክሬን የተገጠመለት አንድ መኪና አለን። ጄኔሬተር የሚያወርድ፣ የውሃ ታንከር የሚሰቅል፣ የሲሚንቶ ቱቦ ቦይ ውስጥ የሚያስገባ ሁሉ ይከራየዋል። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ የተቀጠርኩት ቢሮ ልጠርግ ነበር። የእቃ ቤቱ ሠራተኛ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ቁጥር ስለማነብና ከሰው ጋር ስለማልጫወት ይመስለኛል።

ሥራውን ያገኘልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ እዚያው ግቢ አሳሪ ነው። ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ቀበቶውን ከሥሩ አሳልፎ መንጠቆው ላይ የሚያገባው፣ ሲነሳም አጠገቡ ቆሞ በገመድ አቅጣጫ የሚያስይዘው እሱ ነው። ስለዚህ በእቃ ቤቱ መስኮት የማወጣው ቀበቶ ሁሉ በመጨረሻ ከወንድሜ ራስ በላይ የሚንጠለጠል ነው። የምኖረውም እሱ ቤት፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ማታ በር ሲያንኳኳ ስሰማ ብቻ ነበር የዚያ ቀን ቀበቶዎች ደህና እንደነበሩ የሚገባኝ።

ቀበቶ የምለው ሠራተኞቹ ቤልት የሚሉትን ነው። ከፖሊስተር ክር የተሸመነ ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ታጥፈውና ተሰፍተው እንደ ጆሮ ሆነዋል። የክሬኑ መንጠቆ የሚገባው በጆሮው ነው። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ሐምራዊው አንድ ቶን፣ አረንጓዴው ሁለት፣ ቢጫው ሦስት ቶን ያነሳል። ጎኑ ላይ ደግሞ ስንት እንደሚያነሳ የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ያ ጨርቅ ከጠፋ ወይም ጽሑፉ ካልተነበበ፣ ቀበቶው ትናንት የተገዛ ቢመስልም አይወጣም። ሁለት ቶን የሚለውም ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ነው። ዕቃውን አንቆ ከያዘ አቅሙ ይቀንሳል። ከሥር አልፎ ሁለቱ ጆሮዎች መንጠቆው ላይ ሲገናኙ ይጨምራል፤ ሁለቱ እግሮቹ በጣም ከተራራቁ ደግሞ ተመልሶ ይቀንሳል። ፎርማኑ ይህን ያሳዩኝ በራሴ ሻርፕና ውሃ በሞላ ጆግ ነው። የሻርፑን ሁለት ጫፎች እያቀራረብኩና እያራራቅሁ ጆጉን እንዳነሳ አደረጉኝ። ጫፎቹ በተራራቁ ቁጥር እጄ የሚሰማው ክብደት ሲጨምር ገረመኝ። ውሃው ያው ውሃ ነው።

ቀበቶ አይቋጠርም። በስለት ጠርዝ ላይ ባዶውን አይቀመጥም፤ የጎማ ቁራጭ ይነጠፍለታል። ዕቃው ላዩ ላይ እንዳለ ከሥሩ አይጎተትም። ከባትሪ አጠገብ አይቀመጥም፤ አሲዱ ሳይታይ ይበላዋል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ይህን ሁሉ በሳምንት ውስጥ ያዝኩት። እጄ ግን ከዚያ በፊትም ገመድ ያውቅ ነበር። አባታችን ከገሱባ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን የእንሰት ቃጫ ይገምድ ነበር፤ እኔና ወንድሜ አንዱን ጫፍ ይዘን ወደ ኋላ እየሄድን ነው ያደግነው። እኛ ቤት ገመድ አይጣልም። የሳሳው ቦታ ይፈታል፣ አዲስ ቃጫ ይገባበታል፣ እንደገና ይገመዳል። አዲሱ ገመድ ጣራው ሥር ይሰቀልና ድንጋይና እሾህ ያለበትን ሥራ አሮጌው ይሠራል። ገመድ በቢላ የቆረጠ ልጅ አባታችን ፊት ምሳ አይበላም ነበር።

ነገሩ የጀመረው የግቢው ባለቤት ከተቆጡ በኋላ ነው። በዚያ ወር የሲሚንቶ ቱቦ ስናነሳ ሰንብተን ነበር። የቱቦ አፍ ደግሞ እንደ መጋዝ ነው። ሦስት አረንጓዴ ቀበቶ ተከታትሎ ተበላ። ባለቤቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁሉም ሰው እየሰማ፣ "ከዚህች ልጅ በፊት ቀበቶ እንዲህ አያልቅም ነበር" አሉ። "አንድ ሌላ ከተጣለ ቁልፉን የሚይዝ ሌላ ሰው አጣለሁ?" እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወንድሜ ጎማ እየነፋ ነበር፤ እጁ ቆመ።

የተጣለ ቀበቶ በእኛ ግቢ ከበሩ ኋላ ኮሪደሩ ላይ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ለሌላ ሥራ ይሆናል ይባላል። በሩ ስለማይቆለፍ ማንም ሊወስደው ይችላል። አንድ ጠዋት ስመለከት ጆሮው የተሰነጠቀው አረንጓዴ የለም።

ወንድሜን ጠየቅሁት። እኔና እሱ ብቻችንን ስንሆን በወላይትኛ ነው የምናወራው፤ እኔ ኢሻ፣ ወንድሜ፣ እለዋለሁ፣ እሱ ሚቼ፣ እህቴ፣ ይለኛል።

"ኢሻ፣ ያ ምስማሩ ላይ የነበረው የት ሄደ?"

"ሚቼ፣ ቀበቶ ነው እንጂ በሬ አይደለም፤ ማን ይሰርቀዋል?" ሳቀ። "ባል ሲጠፋብሽም እንዲህ በጠዋቱ ትፈልጊ ይሆን?"

ፎርማኑን ስጠይቃቸው ጋሪ ነጂ ወስዶት ይሆናል አሉ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አህያ ባየሁ ቁጥር ደረቱን ማየት ጀመርኩ። የጎማ ልጥ፣ የጆንያ ጥብጣብ፣ የቆዳ ማሰሪያ አየሁ፤ አረንጓዴ ቀበቶ የጎተተ አህያ ግን አላጋጠመኝም።

ያኔ ነው ኦፕሬተሩን መጠርጠር የጀመርኩት።

ኦፕሬተሩ መኪናውን የሚነዳው፣ ክሬኑንም የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። ኮፍያ የማይለየው፣ ብዙ የማያወራ ጎልማሳ ነው። ወላጆቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዶ አድጓል። በእኛ ቋንቋ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አይሰማም ለማለት ግን አልደፍርም ነበር። እኔና ወንድሜ ስናወራ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ አድርጎ ጭንቅላቱን ዘንበል ያደርጋል። ቀበቶ ስሰጠው ደግሞ አመስግኖ ይወስድና፣ መኪናው ጎን ሲደርስ ጀርባውን ወደ እኔ አዙሮ ይቆማል። ምን እንደሚያደርግ አይታይም። ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጥሩውን ደብቆ መጥፎውን የሚተካ ሰው ጀርባውን ሳያዞር እንዴት ያደርገዋል?

አንድ ቀን መኪናው ሲመለስ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን በደንብ አልተዘጋም ነበር። በክፍተቱ በኩል አረንጓዴ ነገር አየሁ። የዚያን ቀን ያወጣሁት ሁለት ቢጫ ብቻ ነበር። ጠጋ ልል ስል ኦፕሬተሩ ከመኪናው ወረደ፤ እኔን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ መጥቶ ቆለፈው። የሳጥኑ ቁልፍ እሱና ወንድሜ ጋ ነው ያለው። ወንድሜ በሐሳቤ እንኳ አልመጣም።

"ምን ፈለግሽ እህቴ?" አለኝ።

"ምንም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

የሆነ ነገር የሚያውቅብኝ ይመስል ረጅም ጊዜ አየኝ። ቢሮ ገብቼ እጄን ታጠብኩ። የፈራሁት እሱን አልነበረም፤ ያቺን ሳጥን ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት የተቀደደ የገበያ ቦርሳ ሰጥታኝ ነበር። ድንኳንና ሸራ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ወሰድኩት። ከስፌት መኪናቸው ሥር ከወዳደቀው ቁርጥራጭ መሀል አረንጓዴ ጥብጣብ አየሁ። አነሳሁት። ጣቴ ወዲያው አወቀው።

"አባባ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ቦርሳ ልታሰፊ ነው የመጣሽው ወይስ ልትመረምሪኝ?"

"ዝም ብዬ ነው።"

"ዝም ብሎ የጠየቀ ሰው ደግሞ እንዲህ አይጨብጠውም።" መርፌያቸውን አቁመው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። "ሰው ጆሮው የተሰነጠቀ ቀበቶ አመጣ፣ ሰፋሁለት። በሸራ ክር፣ ደጋግሜ። አህያ ቢጎትተው አይበጠስም አልኩት። አህያ አይደለም የሚጎትተው አለኝ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ሰው ነዋ።"

"ከእኛ ግቢ ነው?"

"ልጄ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ ብሎኛል። ለሰው ብሎ ነው ያሰፋው እንጂ ለክፋት አይደለም። ቦርሳሽን ውሰጂ።"

ለሰው ብሎ! ለየትኛው ሰው? መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ሄድኩ። የቀበቶ ጆሮ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰፋ ክሩ እንደ ራሱ እንደ ቀበቶው ያለ ነው፤ ክብደቱን ለሁሉም ስፌት እኩል ያከፋፍለዋል። በገበያ መርፌ ሲወጋ ደግሞ የሽመናውን ክር እየቆረጠ ነው የሚያልፈው። ያጠነከረው ይመስላል፣ ያሳሳዋል። ሽማግሌው ይህን አያውቁም። ክሬን ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ግን ያውቃል፤ እያወቀ ካሰፋው ምን ልለው ነው?

ለፎርማኑ ልናገር አሰብኩ። ቃላቱን አዘጋጀሁ፤ በራቸው ጋ ስደርስ ጠፉብኝ። ባየው ኖሮ እናገር ነበር። ያየሁት ጀርባና የሳጥን ክዳን ብቻ ነው። ባለቤቱም ይህን ቢሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቁልፉ ማን ጋ ነው ብለው ነው።

ማታ ወንድሜ እግሩን እየታጠበ ሳለ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ኢሻ፣ ከመኪናው ሳጥን ውስጥ ያለውን ቀበቶ አትጠቀም።"

እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ። "የቱን ቀበቶ?"

"የትኛውንም። እኔ በመስኮት የሰጠሁህን ብቻ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሊናገር የፈለገ መሰለኝ። ከዚያ ሳቀና ውሃ ረጨብኝ። "እሺ አለቃዬ" አለ።

ገብቶታል ብዬ ተኛሁ።

ተበላ በምትባለው የሁምቦ ከተማ የሚሠራው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት አዲስ የናፍጣ ሞተር ገዝተው በጭነት መኪና አምጥተዋል፤ ከመኪናው ላይ ተነስቶ ገና ጣራ ያልለበሰው ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ የሲሚንቶ መሠረቱ ላይ ይቀመጥልኝ ብለዋል። ሞተሩ ከነብረቱ ሁለት ቶን አይሞላም። ሁለት አረንጓዴ መረጥኩ። ሁለቱም ከሥር አልፈው መንጠቆው ላይ ሲገናኙ አቅማቸው ከሚበቃው በላይ ነው። መዳፌን በሁለቱም ፊት አስኬድኩ፣ ጠርዛቸውን ቆነጠጥኩ፣ ጆሮዎቹን ገልብጬ ስፌቱን አየሁ፣ ጨርቁን አነበብኩ። ከዚያ ሕይወቴን ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ። ሳልጠራ ፎርማኑ ጋ ሄድኩ።

"አብሬ ልሂድ?"

"የት?"

"ተበላ። ቀበቶዎቹን ራሴ እንድመልሳቸው።"

ፎርማኑ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ምን ተፈጠረ?" አሉ። ምንም አልኩ። ዓይኔን ፈልገው አጡትና፣ "ሌላም ቀበቶ በመጠባበቂያ ያዢ" ብለው ለቀቁኝ።

ሁለቱን ለወንድሜ በመስኮት አስረከብኩት፣ ሦስተኛውን በፌስታል አድርጌ እኔ ያዝኩ። መኪናው ውስጥ ኦፕሬተሩ፣ እኔና ወንድሜ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ወንድሜ ቀልድ ያወራል። ኦፕሬተሩ መንገዱን ያያል። እኔ የኦፕሬተሩን እጅ አያለሁ። ሁምቦ ሜዳ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታን።

ተበላ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። በቆሎ ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ጆንያቸውን አስቀምጠው ሞተሩ ሲወርድ ሊያዩ ተሰብስበዋል። ባለ ወፍጮው ድምፃቸው ትልቅ የሆነ አማኝ ሰው ናቸው። "ብትጥሉት ከነነፍሴ ነው የምትጥሉኝ!" እያሉ መኪናውን ይዞሩታል። አንዷ ሴት፣ "ያኔ ማን ይፈጭልናል፣ በጥርስ ነው?" ስትል ሁሉም ሳቀ። እኔ ከአጥሩ ጋ ተጠግቼ ቆምኩ። ወንድሜ የጭነት መኪናው ላይ ወጥቶ ሲያስር ጀርባው ነበር የሚታየኝ። ሳጥኑ ጋ ሄዶ የጎማ ቁራጮች አመጣ፣ ተመለሰ። ኦፕሬተሩ መንጠቆውን አወረደለት። ቀበቶዎቹ ላልተው ከሞተሩ በላይ ቆሙ።

"ቆይ!" አሉ ባለ ወፍጮው። "ሳንጸልይ አይነሳም።"

በእኛ አካባቢ ከባድ ነገር ሲነሳ መጸለይ የተለመደ ነው። አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት መጡ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሴቶቹ አጎነበሱ፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ወፍጮው፣ በመንገድ ስላሉት ሁሉ። እኔም ጨፍኜ ነበር። ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ዓይኔን ገለጥኩ።

ፀሐይዋ መንጠቆው ላይ ነበረች። የአንደኛው ቀበቶ ጆሮ ላይ ያለው ስፌት አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው። የሁለተኛው ነጭ ነው። ደጋግሞ የተሰፋ፣ ወፍራም፣ የሸራ ክር።

ኦፕሬተሩን አየሁት። ኮፍያውን አውልቆ እጆቹን አጣምሯል፤ ዓይኖቹ ግን ክፍት ናቸው። የሚያየው እኔን ነው። ከዚያ መንጠቆውን አየ፤ እንደገና እኔን። ያ ሁሉ ሰው ጨፍኖ ሳለ ሁለታችን ብቻ እንደ ሌባ ተያየን።

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

ወንድሜ ከመኪናው ወርዶ መሪ ገመዱን ያዘ፤ ሞተሩ በሚያልፍበት በኩል ቆመ። ኦፕሬተሩ እጁን ማንሻው ላይ አደረገ፣ ግን አላንቀሳቀሰውም።

"እቃ ቤት!" ብሎ ጮኸ። "እስቲ ነይ ወደዚህ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም።

"ያንን ቀበቶ አንቺ ነሽ ያወጣሽው?"

አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም።

"ምላሷን ሶዶ ረስታው መጥታለች" አለ አንድ ጎረምሳ። ሳቁ።

"አንሳው እንጂ ወንድሜ!" አሉ ባለ ወፍጮው። "ጸልየን የለ? ምን ትጠብቃለህ?"

በእኔ ሊያላክከው ነው አልኩ በልቤ። በሕዝብ ፊት ሊያስመሰክርብኝ ነው። ያኔ ድምፄ ወጣ። እኔም ያን ያህል ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

"አንተ ነህ ያሰፋኸው ጋሼ! ሳጥንህ ውስጥ አይቼዋለሁ!"

ሳቁ ቆመ። ኦፕሬተሩ እጁን ከማንሻው ላይ አነሳ።

"እኔ?" አለ። "እኔ ደግሞ አንቺ መስለሽኝ የምትሰጪኝን ሁሉ እየገለበጥኩ ስመረምር ነው የሰነበትኩት። ጥሩውን ትሸጣለች ብዬ።"

ጀርባውን የሚያዞርበት ምክንያት ይህ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እያሰብኩ ሳለ ወንድሜ ከዚያ ማዶ በወላይትኛ ተናገረኝ። በቀስታ፣ ቤት ውስጥ እንደሚናገረኝ።

"ሚቼ፣ ዝም በይ። እኔ ነኝ ያሰፋሁት። አንድ ሌላ ከተጣለ ቁልፍሽን ይወስዱብሻል። የሞተሩ ብረት ስል ስለሆነ አዲሱን እንዳይቆርጠው ያንን በዚያ በኩል አደረግሁት። ጎማም አንጥፌለታለሁ። ይይዛል። ለአንቺ ብዬ ነው፤ ዝም በይ።"

ሴቶቹ ሰሙ። ሽማግሌውም ሰሙ። ኦፕሬተሩን አየሁት፤ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ነበር። ሰምቷል። ሁሉንም ነው የሰማው። ወንድሜን በስም እየጠራ ሊያሳጣው ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ "የቀበቶው ነገር ያንቺ ነው። ላንሳ?" አለኝ።

ወንድሜ በዓይኑ ይለምነኛል። የቆመበትን ቦታ አየሁት። መሪ ገመዱን እጁ ላይ ጠቅልሎት ነበር። ቤት ያሉት ልጆቹ ትዝ አሉኝ ብል ውሸት ነው። ትዝ ያለኝ ያ ነጭ ክር ብቻ ነው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር የተቆረጠው ሽመና።

"አይነሳም" አልኩ። "ይውረድ።"

"ሚቼ!"

"ይውረድ ብያለሁ።"

ባለ ወፍጮው እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ኦፕሬተሩ መንጠቆውን አወረደ። ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ እኔ ራሴ በቀሚሴ የጭነት መኪናው ላይ ወጣሁ። ጎረምሳው ፉጨት አሰማ፣ አንዲት ሴት በጥፊ ስትመታው ሰማሁ። የተሰፋውን አወለቅሁ። በፌስታል የያዝኩትን አውጥቼ ወንድሜ ፊት እንደገና መዳፌን አስኬድኩበትና ሰጠሁት። ተቀበለኝ። ጎማውን ራሱ አስተካክሎ አነጠፈ። ሞተሩ ተነሳ፣ ግድግዳውን አለፈ፣ መሠረቱ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ ቀበቶዎቹ ላይ ነበር።

ከዚያ ባለ ወፍጮውን ቢላ ለመንኩ። የተሰፋውን ቀበቶ ድንጋይ ላይ አድርጌ መቁረጥ ጀመርኩ። እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ክሩ ቢላውን ያንሸራትተዋል። ወንድሜ መጥቶ በላዬ ቆመ።

"ገመድ በቢላ" አለ።

"ገመድ አይደለም።"

"ይይዝ ነበር።"

"ይይዝ ይሆናል" አልኩት። እስካሁንም አላውቅም።

ወደ ሶዶ ስንመለስ ወንድሜ ውስጥ አልገባም፤ ኋላ ላይ ተቀመጠ። ኦፕሬተሩ መንገዱን እያየ ነዳ። ከተማው ሲታይ፣ "ለባለቤቱ ምን ልንላቸው ነው?" አለ።

"አንድ ቀበቶ ተጣለ።"

"ማን አሰፋው ቢሉስ?"

ወደ ኋላ፣ ወንድሜ ወደተቀመጠበት ዞሬ አየሁ።

"እኔ ወላይትኛ አልሰማም" አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህንንስ ለምን ያደርግልኛል ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

ባለቤቱ ጮኹ። ፎርማኑ ቀበቶ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ የማያልቀው ሰው ቢሆን ጥሩ ነው ብለው አበረዱልኝ፤ ቁልፉም እኔው ጋ ቀረ። ምስማሩ ከኮሪደሩ ተነቀለ። አሁን የሚጣል ቀበቶ እዚያው ፊት ለፊቴ፣ ከሁለት ከሦስት ቦታ ተቆርጦ ነው የሚጣለው።

ወንድሜ ለብዙ ቀን አላናገረኝም። ማዕድ ላይ ጨው አቀብዪኝ የሚለው ሚስቱን ነው። እሷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ምን ሆናችሁ ብላ ብትጠይቅም ማናችንም አልነገርናትም። መስኮቱ ጋ ሲመጣ ቀበቶውን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔም በተራዬ ወንድሜን መጠርጠር ጀመርኩ። ሲመለስ ኪሱን፣ ሳጥኑን፣ የጃኬቱን ሥር አያለሁ። ማየቴን ያውቃል።

አንድ ጠዋት ሁለት ቢጫ ሰጠሁት። ሊሄድ ብሎ ቆመ። አንዱን መስኮቴ ደፍ ላይ ዘረጋና መዳፉን ያስኬድበት ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ ሆን ብሎ፣ እኔ እንዳልመረመርኩት ሁሉ። ገለበጠው። ጠርዙን ቆነጠጠ። ከኋላው ኦፕሬተሩ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ። ጆሮው አጠገብ ጠቆር ያለ ነገር ነበር።

"ጭቃ ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"አይቼዋለሁ።"

"እኔ አላየሁትም።" ምራቁን ጣቱ ላይ እንትፍ ብሎ ፈገፈገው። አልለቀቀም። አሸተተው። "ጭቃ አይሸትም። ሌላ ስጪኝ።"

ወሰድኩት፣ አሸተትኩት። ምንም አልሸተተኝም። ግን ወደ ጎን አስቀመጥኩትና ሌላ አወጣሁለት። እሱንም ዘረጋው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ጥሩምባው ሦስተኛ ጊዜ ሲነፋ፣ "ይጠብቅ" አለ፣ ቀና ሳይል።